የአንድ ማኅፀን ደም

ልብ ወለድ ተከታታይ ታሪክ፤ ክፍል 6

ባለፈው ሳምንት ታሪኩን ያቆምነው ዳኛው ለእናትየዋ እስከ እሑድ ጠዋት ጊዜ በሰጡበት ላይ ነበር። ያለፉትን ክፍሎች ላላነበባችሁ ነገሩ ይህ ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ በሰሊጥ አጨዳ መሐል፣ በሱዳን ከዶካ ወዲያ ባለ እርሻ የእናትየዋ ታላቅ ልጅ ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ሥር በመጥረቢያ ተመቶ ሞቶ ተገኘ። ታናሹ በማግስቱ ገላባት ላይ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚያሻግረው ድልድይ አጠገብ ተቀምጦ ተያዘ። ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነው፦ «ወንድሜን አልነካሁም። የወንድሜን መልክ ለብሶ የመጣውን ነው የመታሁት።»

ዳኛው ሁለት መልስ ይጠብቃሉ። ተከሳሹ የአእምሮ ሕመም መከራከሪያ ያቀርባል ወይ? የሟች ወራሾችስ ምን ይጠይቃሉ? የሟችም የተከሳሽም እናት አንዲት ሴት ስለሆኑ ሁለቱም ጥያቄ የሚወድቀው እሳቸው ላይ ነው።

ቅዳሜ ማታ ገዳሪፍ ያለው ግቢያቸው ሰው ሞልቶታል። ከጎንደር የመጡት ታላቅ ወንድማቸው፣ የልጆቹ አጎት፣ በዳኝነት አርጅተው ጡረታ የወጡት ሰው፣ አንገረቡ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ሱዳናዊው ጠበቃ አለ፤ ከሐበሻ ጋር ሲነግድና ሲዋዋል በኖረ ቤት ያደገ ስለሆነ አማርኛ ይቀናዋል። የሟቹ ሚስት ሕፃን ልጅዋን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ወንድምዋ ከመተማ በኩል መጥቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ከመጣ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ጠበቃው ለእናትየዋ ቀስ ብሎ አስረዳቸው።

«እማማ፣ በአገራችን ሕግ የሟች ወራሽ ሦስት በር አለው። ቂሳስ ነው፣ ነፍስ በነፍስ። ዲያ ነው፣ የደም ካሳ። ወይም ይቅርታ ነው። ከወራሾቹ አንዱ ይቅር ካለ ሞቱ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 130፣ ከዚያ በኋላ እስከ አሥር ዓመት እስራት ይላል። እርስዎ ወራሽ ነዎት። አንድ ቃል ከአፍዎ ይበቃል።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ እናትየዋ። ቡናው እንኳ አልወረደም ነበር።

የምራታቸው ወንድም ከግድግዳው ተላቀቀ። «እትዬ፣ የእርስዎ ልጅ ነው፤ ይቅር ይበሉት። የእኔ እህት ግን ባልዋን ቀብራለች፤ ይህ ሕፃን አባቱን ቀብሯል። የእነሱን ደም እርስዎ ለብቻዎ ማንሣት ይችላሉ?»

«ሕጉ ይችላሉ ይላል» አለ ጠበቃው።

«የእኛ አገር ሰው ግን አይልም።»

አጎትየው እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ። እኔ የምጠይቀው ከዚህ በፊት የሚመጣውን ነው። እህት ዓለም፣ ምን ስላደረገ ነው ይቅር የምትይው?»

«ወንድሙን ስለ ገደለ።»

«አውቆ?»

መልስ አልነበረም።

«አውቆ ከሆነ ይቅርታሽ ይገባኛል፤ እናት ነሽ። ሳያውቅ ከሆነ ግን ይቅር የሚባልበት በደል የለም። የታመመ ሰው ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። አንቺ ነገ ዳኛ ፊት ‹ይቅር ብያለሁ› ስትዪ፣ በዚያው ቃል ልጄ ጤነኛ ነበር፣ ወንድሙን አውቆ አረደው ብለሽ እየመሰከርሽበት ነው። ያንን መዝገብ ማንም ተመልሶ አይከፍተውም።»

ይህ ክርክር ሌሊቱን ሙሉ ቀጠለ፤ እኔም በዚህ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይልቅ እሱ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። በየቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የምንጣደፈው ወደ ሽምግልናና ወደ ዕርቅ ነው፤ ሰውየው ታሞ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን እንዘለዋለን።

የምራትየዋ ወንድም ያነሣቸው ነጥቦች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። መጥረቢያው የተገኘው በታሰረ የሰሊጥ ነዶ ሥር ተሸሽጎ ነው። ተከሳሹ የሮጠው ወደ ጫካ ሳይሆን ወደ ጠረፍ፣ ወደ አገሩ ነው። ከግድያው በፊት በነበረው ሳምንት ወንድማማቾቹ በሰሊጥ ገንዘብ ተጣልተው፣ ታናሹ «ድርሻዬን ስጠኝ» ሲል ሠራተኞቹ ሰምተዋል።

«እብድ መጥረቢያ ይደብቃል?» አለ። «እብድ መንገድ ይመርጣል? ከዚያ ሁሉ የቀን ሠራተኛ መሐል ለምን ገንዘብ የያዘውን ብቻ መታ?»

አጎትየው አልተቆጡም። «እኔም ወንበር ላይ ሳለሁ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። ያልታመመ ሰው ታምሜ ነበር ብሎ ፊቴ ቆሞ ያውቃል። ስለዚህ ነው ሕጋችን እኔን በዓይንህ አይተህ ፍረድ የማይለኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 ጥርጣሬ ሲኖር ዳኛው ባለሙያ ያስመርምር ይላል። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ሰው ልኬአለሁ። ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ሙሉ በሙሉ ኃላፊነት የሌለበት አለ፤ እሱ አንቀጽ 48 ነው። በከፊል ኃላፊ የሆነ አለ፤ እሱ 49 ነው፣ ቅጣቱ ይቀንስለታል። ጤነኛ ሆኖ የተገኘም አለ፤ እሱን ፈርጄበታለሁ።»

«የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል» አለ ጠበቃው። «አንቀጽ 10፣ በእብደት ወይም በአእምሮ ድካም የሥራውን ምንነት ያላወቀ ወይም ራሱን መግታት ያልቻለ ወንጀል እንደ ሠራ አይቆጠርም ይላል። አንቀጽ 131 ደግሞ የአእምሮ መታወክ ራሱን የመግታት አቅሙን በግልጽ ያናጋበትን ገዳይ ከአንቀጽ 130 አውጥቶ እስከ አምስት ዓመት ያወርደዋል። በሸሪዓም ሕፃን፣ የተኛና እብድ ተጠያቂ አይደሉም።»

«በፍትሐ ነገሥትም ቢሆን የእብድና የሕፃን እጅ እንደ ጤነኛ እጅ አይቆጠርም» አሉ አጎትየው። «ሁለቱም መጽሐፍ የሚለው አንድ ነው። የመደበቁን ነገር ግን ልመልስልህ፣ ልጄ።»

እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ላይ የሆነውን ነገሩት። ዳንኤል ማክናተን የሚባል ስኮትላንዳዊ እንጨት ጠራቢ የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድሩሞንድን መንገድ ላይ ከኋላው ቀርቦ በሽጉጥ መታው፤ ሰውየው ከቀናት በኋላ ሞተ። ሽጉጥ የገዛ፣ ሰዓት የጠበቀ፣ ጀርባ የመረጠ ገዳይ ነው። ሐኪሞች ቀርበው ሲመሰክሩ ግን ሰውየው ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ሰዎች ያሳድዱኛል፣ ሊያጠፉኝ ነው ብሎ ሲሸሽ እንደ ኖረ ታወቀ። ያንን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረገው በሌለ ጠላት ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ በእብደት ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አለው። ንግሥት ቪክቶሪያ ተቆጣች፤ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞቹን ጠርቶ እብደት ማለት በሕግ ፊት ምን ማለት እንደ ሆነ አስመለሳቸው። ያ መልስ ወደ እንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ተጓዘ። ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1899 የመጀመሪያውን የወንጀል ሕግዋን ስታወጣ ከህንዱ ሕግ ስለ ቀዳች ደርሷት ነበር።

«ታዲያ ነፃ ወጥቶ ሄደ?» አለ የምራትየዋ ወንድም።

«የት ይሄዳል? ከሃያ ዓመት በላይ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ተዘግቶበት፣ እዚያው ሞተ። ታሟል ማለት ይለቀቅ ማለት አይደለም። እህትህም አንተም ከዚያ ልጅ ጋር አንድ መንገድ ላይ እንድትገናኙ አልፈርድባችሁም። የምለው፣ የሚዘጋበት ቤት እስር ቤት ይሁን ሆስፒታል የሚለውን እውነቱ ይወስን ነው።»

በዚህ ነገር እኔ ከአጎትየው ጋር ነኝ። ሕመሙ የሚያጠቃው የሰውን ብልሃት አይደለም፤ እውነት ነው ብሎ የሚያምነውን ነው። ወንድሙ ተለውጦ ሌላ ፍጡር በመልኩ መጥቷል ብሎ ያመነ ሰው ከዚያ ፍጡር ለመዳን እንደ ማንኛችንም ይጠነቀቃል፣ ይደብቃል፣ ይሸሻል። ሐኪሞች የሚያውቁት ሕመም ነው፤ ሕመምተኛው የሚጠረጥረውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበውን ሰው ነው። በገንዘቡ መጣላታቸውም ቢሆን ሕመም የለም ለማለት አያበቃም። የታመመ ሰውም ድርሻውን ይጠይቃል።

ጠበቃው ግን የመዛጋን፣ የዚህን የጠረፍ ቆላ፣ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ነው። «እርስዎ የሚሉት ትክክል ነው። መርማሪ ሐኪም ግን ከየት ይምጣ? አገሬ ሰላም ሳለች ቢሆን ኦምዱርማን አለ፤ በቲጃኒ አል ማሒ ስም የተጠራው ሆስፒታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ማን ይደርስበታል? ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ እዚህ ገዳሪፍ ትምህርት ቤቱን ሞልቶ ተኝቷል። ምርመራ ከጠየቅን ልጁ ለወራት በእስር ይጠብቃል፤ ያለ መድኃኒት። ይቅርታው ግን ነገ ጠዋት ያልቃል። እማማ የሚወዱትን ነው የምመክራቸው።»

ዶክተር ቲጃኒ አል ማሒን ያነሣው በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያው ሱዳናዊ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ በሰሜን ካርቱም ክሊኒክ ከፍተው፣ ሕዝቡ ወደ ፈኪው፣ በቁርአን ወደሚያክመው፣ ወይም ወደ ዛር ቤት መሄዱን ሳይንቁ፣ ከባሕል አካሚዎቹ ጋር እየተመካከሩ ያክሙ ነበር። ከጠረፉ ወዲህና ወዲያ የአንድ ሕመም መንገድ ተመሳሳይ ነው። በመተማ በኩል መጀመሪያ ጸበል ይባላል፤ በገዳሪፍ በኩል መጀመሪያ ፈኪ ይባላል። ሐኪም ቤት የሚታሰበው ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን ካቆሰለው በኋላ ነው።

«ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ» አለ ጠበቃው። «በ2010 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ ኑራ ሑሴን የተባለች የ19 ዓመት ልጅ በግድ የተዳረችለትን፣ አስገድዶ የደፈራትን ባልዋን ራስዋን ስትከላከል ገድላ ፍርድ ቤት ቀረበች። የባልዋ ቤተሰብ ዲያም ይቅርታም አንፈልግም አለ፤ ግንቦት ላይ ሞት ተፈረደባት። ዓለም ሁሉ ጮኸ። ሰኔ ላይ ይግባኝ ሰሚው ወደ አምስት ዓመት እስራትና 337,500 የሱዳን ፓውንድ ዲያ አወረደላት። ያቺ ልጅ ሕመምተኛ አልነበረችም። ግን አንድ ነገር ታስተምራለች፤ የወራሾች ቁጣ የመጨረሻው ቃል አይደለም።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አሉ አጎትየው። «የወራሾች ቁጣ የመጨረሻ ቃል ካልሆነ የወራሾች ምሕረትም እውነቱን መሸፈኛ መሆን የለበትም።»

እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። «ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ሕግ ይናገራሉ። እኔ ጎንደር ላይ የታጨች ልጅ አለችኝ። ነገ በአደባባይ ‹ወንድሟ እብድ ነው› ተብሎ ከተጻፈ ማን ያገባታል? ዘር ይጠየቃል። ነፍሰ ገዳይ ወንድም ያላት ትዳራለች፤ ደም በሽማግሌ ይደርቃል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ዕርቅ ይወርዳል። እብደት ግን በምን ይደርቃል?»

ማንም ቶሎ አልመለሰላቸውም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ውሸት ስላልሆነ። መግደል በሽማግሌ የሚታረቅበት፣ መታመም ግን ዕርቅ የሌለበት አገር ላይ አንዲት እናት ልጅዋን ነፍሰ ገዳይ ማስባል ይቀላታል።

አጎትየው ሌላ በር ሞከሩ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ እንዲነግሯቸው እናትየዋን ጠየቁ። በ2013 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፣ ከዚያ ሻይ ውስጥ መርዝ አለ ማለት ጀመረ። ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ወሰዱት፤ ከርሞ ተመለሰ። ፈኪ ዘንድ ወሰዱት፤ ክታብ አሰረለት። በመጨረሻ ሟቹ ወንድሙ ትራክተር ላይ ጭኖ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት አመጣው፤ መርፌ ተወጋ፣ ክኒን ታዘዘለት። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ክረምት አረሰ፣ ዘራ፣ ሳቀ። የወንድሙን ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ ይዞር ነበር።

«ታዲያ ምን ተፈጠረ?»

«ጦርነቱ መጣ። መድኃኒት ጠፋ።» እናትየዋ ይህን ሲሉ ዓይናቸው ጀበናው ላይ ነበር።

«ጸበሉንስ ከክኒኑ ጋር ያስኬደው ነበር?»

«ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ...» ብለው አቆሙ።

«አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የኤችአይቪ ሕሙማኑን ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው መክረዋል እኮ። ፓትርያርኩ የፈቀዱትን ማን ከለከለ?»

እናትየዋ ሲኒ ለቅመው ተነሡ። በር ላይ የቆመችው ምራታቸው ሕፃኑን ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዛወረች፤ ልትናገር አፍዋን ከፍታ እንደ ገና ዘጋችው። ያዩዋት አጎትየው ብቻ ናቸው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ አጎትየው የሟቹን የሒሳብ ደብተር በባትሪ ያገላብጡ ጀመር። ደብተሩን የፈለጉት በወንድማማቾቹ መካከል የነበረውን የገንዘብ ጠብ ልክ ለማወቅ ነው። የሠራተኛ ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ ናፍጣ አለ፣ ጆንያ አለ፣ የትራክተር ኪራይ አለ። የታናሹ ድርሻም ተጽፏል፤ አንድም ሳንቲም አልጎደለበትም፤ ሰሊጡ ሲሸጥ ሊሰጠው ለብቻው ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ከታች፣ በሐምሌ ወር ገጽ ላይ፣ በሟቹ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አገኙ፦ «የወንድሜ ክኒን። ለባለቤቴ ሰጠሁ።» ዋጋው ከድሮው ሦስት እጥፍ ነው። ነሐሴ ላይም ይኸው መስመር አለ። መስከረም ላይም አለ።

አጎትየው ደብተሩን ዘጉ። መድኃኒቱ አልጠፋም ነበር።

እሑድ ጠዋት የገዳሪፍ ፍርድ ቤት አዳራሽ ሞላ። ተከሳሹ በሁለት ፖሊስ መሐል ገብቶ ተቀመጠ፤ ከስቷል፣ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። እናቱን አየ። ከዚያ ከእናቱ ጀርባ ባዶ ወንበር ላይ ትኩር ብሎ ቆየ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስል ራሱን ነቀነቀለት።

ዳኛው እናትየዋን አስነሡ። «የሟች ወራሽ እንደ መሆንዎ ምን ይጠይቃሉ?»

ጠበቃው አንገቱን ደፋ። አጎትየው ደብተሩን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሌሊቱን ለማን እንደሚነግሩ ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ለጠበቃው ብቻ ነግረውታል።

«ይቅር...» ብለው ጀመሩ እናትየዋ።

«ክቡር ዳኛ!» ጠበቃው ተነሣ። «የወራሾች ቃል ከመመዝገቡ በፊት የተከሳሽ ወገን በአንቀጽ 10 መከራከሪያ ያቀርባል። ደንበኛዬ በሐኪም እንዲመረመር እንጠይቃለን። ከግድያው በፊት በሕክምና ላይ እንደ ነበር የሚያሳይ የሟች የእጅ ጽሑፍም አለን።»

ዐቃቤ ሕጉ ወዲያው ተነሣ። «መድኃኒት ነበረው ከተባለ ይህ ክሱን ያጠናክራል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጤናው ተመልሷል። የተመለሰ ሰው ደግሞ አውቆ ነው የገደለው።»

ዳኛው ደብተሩን ተቀብለው፣ የተተረጎመላቸውን ሦስቱን መስመሮች ተመለከቱ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወራሾቹ ወንበር አነሡ።

«የሟች ባለቤት ማን ናት?»

ምራትየዋ ተነሣች። ወንድምዋ ክንድዋን ያዘ፤ አስለቀቀችው። ከቶብዋ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አወጣችና የዳኛው ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። የክኒን እሽጎች ናቸው። አንዳቸውም አልተከፈቱም።

«የሐምሌው፣ የነሐሴው፣ የመስከረሙ ነው» አለች። «ባሌ ስጪው ብሎ ሰጠኝ። በየቀኑ ሰጠሁት ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ አዎ እለዋለሁ። አልሰጠሁትም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዳኛው እስኪጸጥ ጠበቁ።

«ለምን?»

ምራትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ግን አልተቆረጠም። «ስለት ተስለናል፣ ክኒን ከገባበት ጸበሉ አይሠራም፣ ለባልሽም እንዳትነግሪ ተብዬ ነው። በማርያም አስምለውኛል። እኔ የሰው ቤት ልጅ ነኝ፤ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«ማን ነው ያስማለሽ?»

እጅዋን አነሣች። የጠቆመችው በይቅርታ ቃል መሐል የቆሙትን፣ አሁንም ቁጭ ያላሉትን አማትዋን ነበር።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የወራሾች ቃል እንዳይመዘገብ፣ ተከሳሹ በሐኪም እንዲታይ፣ የሟችና የተከሳሽ እናትም በሚቀጥለው እሑድ በመሐላ ምስክርነት እንዲሰጡ አዘው ችሎቱን በተኑ።

እናትየዋ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ምን ብለው ይመሰክሩ ይሆን? ሳምንት ይቀጥላል።